ቁርጥ ዋጋ የሚቆርጠው ምኑን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ጂ ፕላስ 1 ቤት ለማሠራት በግንቦት 2016 ከአንድ ኮንትራክተር ጋር በ9 ሚሊዮን ብር ቁርጥ ዋጋ ተዋዋልኩ። 30 በመቶ ቅድመ ክፍያም ያኔውኑ ወሰደ። አሁን «2 ሚሊዮን 400 ሺህ ካልጨመርሽ አቆማለሁ» አለኝ። ምክንያቱ የፌሮ መወደድ፣ መሠረቱ ላይ የወጣው ጥቁር አፈርና እኔ ያስቀየርኩት የመወጣጫ ደረጃ ነው። ቁርጥ አልነበረም እንዴ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ገንዘብ እንደ አንድ ሒሳብ አይቀበሉት፤ ለየብቻ ተዘርዝሮ ይምጣልዎ።

ደረጃውን ያስቀየሩት እርስዎ ነዎት፤ ይክፈሉ። ቁርጥ የሆነው በሥዕሉና በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለው ብቻ ነው።

የፌሮው ጭማሪ ግን የእሱ ዕዳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ፤ መጎዳቱን አልክድም። ሆኖም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1764፣ ግዴታው ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ ይጸናል ይላል። ውላችሁ ውስጥ ግን የዋጋ ማስተካከያ መኖር አለመኖሩን ይዩ፤ ካለ ነገሩ ይለያል። ደግሞ ቅድመ ክፍያውን በግንቦት ወስዶ የመሠረቱን ፌሮ ያኔ ለምን አልገዛም? ደረሰኞቹን ከነቀናቸው ያሳይዎት።

አስቸጋሪው አፈሩ ነው። ጥቁሩ አፈር፣ መረሬ፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይሰነጠቃል። ጠለቅ ብሎ ቆፍሮ በሰሌክት (ከሌላ ቦታ በሚመጣ፣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ከሞላው ደግ አድርጓል። ዋጋ ከመስጠቱ በፊት የአፈር ምርመራውን አይቶ ከነበር ግን አስቦ መግባት ነበረበት። ምርመራ ካልተደረገና ሥዕሉ ላይ ካለው ጥልቀት በላይ ከወረደ፣ ትርፉ ሜትር ኩብ ተለክቶ በውሉ ነጠላ ዋጋ ይከፈለው።

«ሕጉ ከእኔ ጋር ነው» ብለው በሩን እንዳይዘጉበት ግን እለምንዎታለሁ። ሳይት ላይ በቆየሁባቸው 31 ዓመታት ካየሁት አንዱ አይረሳኝም፦ ባለቤቱ በፍርድ ቤት ረታ፤ እስኪረታ ግን ከኮለኖቹ አናት የወጣው ፌሮ ሦስት ክረምት ዝናብ ሲወርድበት ዝጎ ተበላ። ያንን ብረት ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

እኔ ብሆን ለቀረው ሥራ ከሚያስፈልገው ፌሮ ጭማሪ የተወሰነውን እጋራዋለሁ፤ የማስረከቢያው ቀን ተጠቅሶ፣ በጽሑፍ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ በሁለት ምስክር። ገንዘቡን ግን በእጁ አይስጡት፤ ፌሮው ግቢዎ ገብቶ ሲራገፍ ለሻጩ ይክፈሉ።