ከቅዳሜው ድል በኋላ ያለው ሰኞ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ቨርጂንያ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ31 ዓመታት የስፖርት መምህርና የአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሠልጣኝ ሆኜ ካገለገልሁ በኋላ፣ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወላጆቻችሁ ዛሬም «በእጅ እየተጫወቱ እግር ኳስ ይሉታል» እያሉ ይስቁበታል፤ እናንተ ግን አድጋችሁበታል፤ አንዳንዶቻችሁም የአሠልጣኝነትን ሙያ ለመያዝ እያሰባችሁ መሆኑን ነግራችሁኛል። የኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ አንድ ዓመት አሸንፎ የጠፋ ብዙ ነው። ዘመን ሲለወጥ፣ ደንብ ሲለወጥ፣ ተጫዋቹም ሲለወጥ ሳያቋርጥ ያሸነፈ ግን ጥቂት ነው። የጥቂቶቹ ምሥጢር ምን እንደሆነ ለዓመታት ሳሰላስል ኖሬአለሁ።

ነገሩን የጀመርሁት ከመጥፎ ምሳሌ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የትጥቅ ክፍል ውስጥ ማሊያ እያጠብሁና የትከሻ መከላከያ እያደረቅሁ የኪስ ገንዘብ አገኝ ነበር። ዋናው አሠልጣኝ ከዓመታት በፊት ሊጉን ያሸነፈበትን የአጨዋወት ንድፍ በመስታወት አስገብቶ የስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ መስታወቱን በየሳምንቱ የምወለውለውም እኔ ነበርሁ። ተጋጣሚዎቹ ንድፉን ከእሱ እኩል ሸምድደውት ስለነበር ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ሰውዬው ልጆቹን ሰነፎች ናቸው ይል ነበር እንጂ ዓይኑን ወደ መስታወቱ አንሥቶ አያውቅም። ሦስተኛውን ዓመት ሳይጨርስ ተሰናበተ።

አሁን ይህን ሰው በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከነበረው ከፖል ብራያንት ጋር አስተያዩት። ብራያንት በዚያን ጊዜ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሦስት ጊዜ የአገሪቱን ሻምፒዮና ያነሣ፣ በደቡብ ክልሎች ስሙ ከገዥዎች ስም በላይ የሚጠራ ሰው ነበር። ሆኖም በ1969 ቡድኑ 6 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ በ1970ም ከዚያ ብዙ አልተሻለም። እንዲህ ያለ ሰው ጥፋቱን በሌላ ለማላከክ ሰበብ አያጣም። ብራያንት ግን በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ የሚያንሰውን የቴክሳሱን አሠልጣኝ ዳሬል ሮያልን ዊሽቦን የሚባለውን አጨዋወት እንዲያስተምረው ጠየቀው። በዊሽቦን ሦስት ሯጮች ከኳርተርባኩ፣ ማለት ኳሱን መጀመሪያ ተቀብሎ ጨዋታውን ከሚመራው ተጫዋች፣ ኋላ ይሰለፋሉ፤ ኳርተርባኩም ኳሱን ለሯጭ የሚሰጠው ወይም ራሱ ይዞት የሚሮጠው የአንዱን ተከላካይ እርምጃ አይቶ በዓይን ቅጽበት ወስኖ ነው። አላባማ ያን ሁሉ በምሥጢር ተለማመደ፤ ጋዜጠኞች ሲመጡ አሮጌው አጨዋወት ይታያቸው ነበር። መስከረም ላይ ሎስ አንጀለስ ሄደው፣ ባለፈው ዓመት 42 ለ21 የረታቸውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 17 ለ10 አሸነፉ። በማግሥቱ ብራያንት 58 ዓመት ሞላው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሻምፒዮና ጨመረ፤ ጡረታ የወጣውም በ323 ድል ነው።

ስለ ብራያንት ሲወራ ወጣቶች የሚወዱት ሌላ ታሪክ ነው። በ1954 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አሠልጣኝ እንደሆነ ተጫዋቾቹን ጀንክሽን ወደምትባል በድርቅ ወደተመታች ትንሽ ከተማ ወስዶ፣ በዚያ ሐሩር ውኃ እየከለከለ አሠለጠናቸው፤ አብዛኞቹም ጥለውት ጠፉ። ይህ የጀግንነት ተረት ሆኖ ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ተራኪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ልንገራችሁ፦ ያ ቡድን በዚያው ዓመት 1 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 9 ጊዜ ተሸነፈ። ከቀሩት ልጆች አንዳንዶቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ያልተሸነፈ ቡድን አባል መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጅን ውኃ መከልከል የድል መንገድ ነው የሚለኝን ሰው እኔ በትምህርት ቤቴ ሜዳ አላስጠጋም ነበር። ሚኔሶታ ውስጥ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2012 ድረስ ያሠለጠነው ጆን ጋግሊያርዲ በልምምድ ላይ ተጫዋች ተጫዋችን ይዞ እንዳይጥል ከልክሎ፣ ፊሽካ ሳይነፋ፣ «አሠልጣኝ» ብላችሁ አትጥሩኝ፣ ጆን በሉኝ እያለ 489 ጊዜ አሸንፏል። በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከዚህ የበለጠ ድል ያለው አሠልጣኝ የለም።

እንግዲህ ጭካኔም ለስላሳነትም ካሸነፉ፣ ድሉ ከሁለቱም አይደለም ማለት ነው።

አሠልጣኙን ብቻ ማወደስም ግማሽ እውነት ነው። እስከ 1973 ድረስ አንድ ቡድን ስንት ተጫዋች በነፃ የትምህርት ዕድል ሊይዝ እንደሚችል አገር አቀፍ ገደብ አልነበረም፤ ስለዚህ ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ጎበዝ ልጅ ቢያንስ ለተቀናቃኙ እንዳይጫወት ሲል ብቻ ሊያስፈርመው ይችል ነበር። በዚያን ዓመት 105 ተባለ፤ እየቀነሰም በ1990ዎቹ 85 ደረሰ። የቆዳ ቀለም ጉዳይም አለ፤ እኛ ጥቁር ሆነን በዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ልናልፈው አይገባም። ሉዊዚያና ውስጥ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆነው በግራምብሊንግ ከ1941 እስከ 1997 ያሠለጠነው ኤዲ ሮቢንሰን 408 ጊዜ ያሸነፈው ታላቅ መምህር ስለነበር ነው፤ ነገር ግን በጎረቤቶቹ የነጭ ዩኒቨርሲቲዎች በር የተዘጋባቸው ጥቁር ልጆች ወደ እሱ ይመጡ ስለነበርም ነው። አላባማ ጥቁር ተጫዋች በነፃ ትምህርት ዕድል የያዘው በ1970 ነው፤ ብራያንትን ባደንቀውም በዚህ ዘግይቷል እላለሁ። በሮቹ ሲከፈቱ እነዚያ ልጆች ወደ ትልልቆቹ ቡድኖች መሄድ ጀመሩ። ሮቢንሰን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካሸነፈው የተሸነፈው በለጠ፤ እኔ ግን ስለዚያ እሱን ለመውቀስ አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

በእኔ ዘመን ካየኋቸው ሁሉ ነገሩን አብራርቶ ያሳየኝ ኒክ ሴበን ነው። በ1998 የሚሺጋን ስቴት አሠልጣኝ ሳለ፣ ያልተሸነፈውንና በአገሪቱ አንደኛ የነበረውን ኦሃዮ ስቴትን ሊገጥም ሲዘጋጅ፣ ሊዮኔል ሮዘን የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም አንድ ነገር አሳሰበው፦ አንድ የጨዋታ ቅጽበት፣ ኳሱ ከተነሣ እስኪቆም ድረስ፣ በአማካይ የሚፈጀው ሰባት ሰከንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ የውጤት ሰሌዳውን ትተው ያንን ሰባት ሰከንድ ብቻ ይጫወቱ። 28 ለ24 አሸነፉ። ሴበን ይህን ሐሳብ ይዞ ሉዊዚያና ስቴት ላይ አንድ፣ አላባማ ላይ ስድስት ሻምፒዮና አነሣ።

ይሁን እንጂ ሰባቱን ሰከንድ ያልለቀቀው ይኸው ሰው አጨዋወቱን ከሥሩ ነቅሎ ጥሎታል። በ2011 ያሸነፈው ቡድኑ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ9 ነጥብ በታች የሚቆጠርበት፣ ቀስ ብሎ የሚያንቅ ቡድን ነበር። በዓመቱ ተጋጣሚዎች እረፍት ሳይሰጡ በፍጥነት መጫወት ሲያበዙ፣ ፉትቦል እንዲህ እንዲሆን ነው ወይ የምንፈልገው ብሎ በአደባባይ አጉረመረመ። ማጉረምረሙን ግን ሥራ አላደረገውም። በ2014 ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተባረረውን ሌን ኪፊንን ቀጥሮ ያጉረመረመበትን ፍጥነት ወደ ራሱ ቤት አስገባ፤ በኋላም ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰበትን ስቲቭ ሳርኪሲያንን አመጣ። በ2020 ቡድኑ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሲሆን በአማካይ ከ48 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር። አሠልጣኙ ያው ነው፣ የሰኞው ልምምድም ያው ነው፤ ጨዋታው ግን ሌላ ሆኗል።

ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከዝናቸው ገንዘብ ያገኛሉ፤ ከቡድን ወደ ቡድን መዛወሩም ቀልሏል። የደከሙበትን ዋጋ ማግኘታቸውን እደግፋለሁ። በአንድ ክረምት በገንዘብ የተሰበሰቡ ቡድኖችን ሳይ ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ትዝ ይለኛል፤ ልጆቹ በቀላሉ እንደመጡ በቀላሉ የሚሄዱ ከሆነ፣ እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው በየዕለቱ የሚማሩት ነገር መኖሩ ነውና።

ባለፈው ወር ከእናንተ አንዱ በሁለት ኮሌጆች የረዳትነት ሥራ አግኝቶ የትኛውን ልያዝ ሲል ጠየቀኝ። አንዱ ኮሌጅ አዲስ የክብደት ማንሻ አዳራሽ አለው፣ ደመወዙም ይሻላል። ከመወሰንህ በፊት ሁለቱም ቅዳሜ ካሸነፉ በኋላ ሰኞ በሚያደርጉት ስብሰባ ላይ ዝም ብለህ ጥግ ይዘህ እንድትቀመጥ አስፈቅድ አልሁት። ከትንሹ ኮሌጅ እንደወጣ ደወለልኝ። መብራት አጥፍተው የጨዋታውን ቪዲዮ ሲያዩ፣ በ30 ነጥብ ልዩነት አሸንፈው ሳለ፣ ከሁሉ የሚያንሰው ረዳት «ይህን አጨዋወት ያዘዝነው በስሕተት ነው» አለ፤ ዋናው አሠልጣኝም ቪዲዮውን አስቁሞ ወደ ኋላ መለሰና ሁለት ጊዜ ካየው በኋላ «ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ልክ ነህ» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ስለ ደመወዙ አልጠየቅሁትም፤ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ብቻ ጠየቅሁት።