የእስስት እንቁላልና የጫጩት ማሽን

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አካባቢ ነው። ጓሮዬ ጎመን አለኝ፤ 96 እንቁላል በሚይዝ መፈልፈያ ማሽን ደግሞ ጫጩት እያስፈለፈልኩ እሸጣለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት እስስት ከጎመኑ መደብ ዳር ጉድጓድ ስትደፍን ልጄ አይቷት፣ ቆፍሮ 31 እንቁላል አወጣ። ሦስቱን ለሙከራ ማታ ከዶሮ እንቁላሎቹ ጋር ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ፤ የቀሩት ሳህን ላይ ናቸው። እስስቷንም ልጄ ካርቶን ውስጥ አስቀምጧታል። በቀን ስንት ጊዜ ላገላብጣቸው? በስንት ቀን ይፈለፈላሉ? ፈረንጆች በውድ ይገዙታል የሚባለውስ እውነት ከሆነ ለማርባት ምን ያስፈልገኛል? እናቴ ግን መርዝ ነው፣ ከቤት ይውጣ እያሉ ተቆጥተዋል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ቀሪውን ከማንበብዎ በፊት ይነሡና ሦስቱን እንቁላሎች ከማሽኑ ያውጡ። ሲያወጡ አያገላብጧቸው፤ ወደ ላይ የነበረው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ ይቆይ።

የጫጩት ማሽን የሚሠራው በ37.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለዶሮ ፅንስ የእናት ክንፍ ሥር ነው፤ ለእስስት ፅንስ ግን ምጣድ ነው። እስስት እንቁላሏን አትታቀፍም። ቆፍራ ትጥላለች፣ አፈሩን መልሳ ትደፍናለች፣ ጉዳዩን ለመሬት ትታ ትሄዳለች። ቆላማና ሞቃት አገር የሚኖሩትን ዝርያዎች የሚያረቡ ሰዎች እንቁላሉን የሚያቆዩት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው፤ ሌሊት ትንሽ ቢቀዘቅዝም አይጎዳውም። ሦስቱ አንድ ሌሊት በዚያ ሙቀት ማደራቸው መልካም አይደለም። ቢሆንም አይጣሏቸው፤ ከሌሎቹ ለይተው ይቅበሯቸው።

ማገላበጡን በተመለከተ መልሴ አንድ ጊዜም አያገላብጡ ነው። ለዶሮ አርቢ ይህን መቀበል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጅ ልማድ አለው። የዶሮ እንቁላል ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ዶሮዋ በመንቁሯ፣ እርስዎ ደግሞ በእጅዎ ወይም በማሽኑ ታገላብጣላችሁ። የእስስት እንቁላል ግን በወደቀበት ጎኑ ወራት ይከርማል። ፅንሱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ተገልብጦ ቢቀመጥ ሊሞት ይችላል። ዕድሉ ልጅዎ ያወጣቸው ገና ትናንት መሆኑ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መነካካት ከኋለኛው ይልቅ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። አሁን በእያንዳንዱ አናት ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ ያድርጉና ነጥቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን።

ሌላም ልዩነት አለ። የዶሮ እንቁላል ማሽን ውስጥ ሲቆይ ውኃ እያጣ ይቀላል፤ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእስስቷ በተቃራኒው ነው። አንዱን በጣትዎ ጫፍ በቀስታ ቢነኩት ቅርፊቱ እንደ ኖራ አይደለም፣ እንደ ረጠበ ብራና ልስልስ ይላል። በዚያ ቅርፊት በኩል የአፈሩን እርጥበት እየጠጣ ከወር ወር ይወፍራል። ሳህን ላይ ያለ አፈር ከተቀመጠ ጎድጉዶ ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬ ሳይመሽ ወደ መሬት ይመልሷቸው።

ልጅዎ የቆፈረበትን ቦታ ያሳይዎት። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። አፈሩን በእፍኝዎ ጨብጠው ይሞክሩት፤ ሲለቁት ተያይዞ ከቆየና በጣቶችዎ መካከል ውኃ ካልወጣ ልኩ ነው። ከበዛበት ሻጋታ ይጨርሳቸዋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ገበሬዎች ያመጡልኝን የእስስት እንቁላል በጠርሙስ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ፣ ጥሩ አሳቢ ነኝ ብዬ በየሁለት ቀኑ ከላይ ውኃ አጠጣው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አረንጓዴ ጠጉር ብቻ ነበር። እንቁላሎቹን በጣት ስፋት አራርቀው ይደርድሩ፣ አፈሩን ሳይረግጡ ይመልሱ፣ ዳሩ ላይ እንጨት ተክለው ቀኑን ይጻፉበት። የጎመኑን ውኃም በዚያ በኩል አይልቀቁት።

ትልቁ ጠላት ግን ሌላ ነው፤ የራስዎ ዶሮዎች። አዲስ የተቆፈረ አፈር ያየች ዶሮ ምን እንደምታደርግ ያውቃሉ። የሽቦ ወንፊት ዘርግተው ጫፎቹን በድንጋይ ይጫኑት። ጉንዳን የሚመላለስበት መስመር በአቅራቢያው ካለ ጉድጓዱን ሁለትና ሦስት እርምጃ ያርቁት።

እስስቷን ከካርቶኑ አውጥተው ቁጥቋጦ ላይ ይልቀቋት። እንቁላል የጣለች እስስት ሆዷ ተጣብቆ፣ ዐይኗ ጎድጉዶ ነው የምትገኘው። ውኃ በሳህን ቢያቀርቡላት ብዙውን ጊዜ አታየውም፤ ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ ነው የምትልሰው። ቅጠሉን ጥቂት ውኃ ረጭተውላት ይሂዱ።

ስለ ቀኑ ጠይቀዋል። ጫጩትዎ በ21 ቀን ይወጣል፤ አፈር የገባ የእስስት እንቁላል ግን እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ወደ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል። የማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል፤ የየመኑና የሳዑዲው ባለ ቆብ እስስት ከ6 እስከ 9። ሁሉም እስስት እንቁላል ይጥላል ማለትም አይደለም፤ የኬንያ ደጋ ባለ ሦስት ቀንዱ እስስት ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። ጊዜው ሲደርስ እንቁላሉ ላብ ያወጣል፣ ትንሽ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ግልገሉ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። ጭንቅላቱን አውጥቶ አንድ ቀን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። በጥፍርዎ አይርዱት፤ አስኳሉን መጥጦ እየጨረሰ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበያው። እርባታውን አልመክርዎትም። እስስት የዱር እንስሳ ነው፤ በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ አይቻልም። ድንበር ማሻገር ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ከ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ስምምነት የእስስትን ንግድ ይቆጣጠራል። ውጭ አገር በብዛት የሚሸጡትም ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው የየመኑና የማዳጋስካሩ ናቸው፤ እዚያው በቤት ውስጥ ይረባሉ። ከጎመንዎ ሥር የወጣችውን ብሎ ሐዋሳ ድረስ የሚመጣ ሕጋዊ ገዢ አይታየኝም። ሕገወጡ ቢመጣ ደግሞ ዕዳው የእርስዎ ነው።

ሥራውም ቢሆን ከዶሮ ጋር አይገናኝም። እስስት ብቸኛ ፍጥረት ነው። ወንድና ሴት የሚገናኙት ለማዳቀል ብቻ ነው፤ ያረገዘችው ወንድ ሲቀርባት ጠቁራ አፏን ትከፍትበታለች፣ አብረው ከቆዩ በጭንቀት ይጎዳሉ። የምትቆፍርበት ጥልቅ እርጥብ አፈር ካጣች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል። ለሠላሳ ግልገል በየቀኑ ጥቃቅን ሕያው ነፍሳት ማቅረብ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ እርስዎ ያስቡት።

እናትዎን በተመለከተ፣ እስስት መርዝ የላትም። ቀለሟን የምትለውጠው በቁጣ፣ በብርድና በፀሐይ ነው እንጂ በሰው ላይ ድግምት ለማድረግ አይደለም። ቃሉን የሚለዋውጠውን ሰው እስስት ማለታችንን ብትሰማ የምትቀየመው እሷ ናት። ይሁንና እንቁላሉ ከቤት ይውጣ በማለታቸው እናትዎ በሌላ ምክንያት ልክ ናቸው። እንደ እስስት ያሉ እንስሳት ምንም ሳይታመሙ ሳልሞኔላ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ይህ ተሕዋስ ጫጩትንም ሰውንም ያጠቃል። እርስዎና ልጅዎ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳህኑም ለምግብ አይመለስ።

እስስቷ ጓሮዎ ውስጥ ብትቆይ አንበጣና ዝንብ ትለቅማለች፤ ምላሷ ከገላዋ ይረዝማል። የጎመንዎን ተባይ ግን ብቻዋን ትጨርሳለች ብዬ አልዋሽዎትም። ያገኘችው ሁሉ በመድኃኒት የተረጨ ነፍሳት ከሆነ እሷም አትሰነብትም፤ በዚያ መደብ ላይ የሚረጩ ከሆነ ቢያንስ ትል ሲያዩ ብቻ ይሁን።

ማሽኑን ዛሬ አያጥቡት፤ የዶሮ እንቁላሎቹ አሉበት። ሦስቱ የነበሩበትን ቦታ ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ሙቀቱ 37.5 ላይ መመለሱን ያረጋግጡ። የዶሮ እንቁላሎቹን ማገላበጥ በ18ኛው ቀን ያቁሙ፣ እርጥበቱን ከፍ ያድርጉ። ጫጩቶቹ ወጥተው ሲያበቁ ማሽኑን በሙሉ በሳሙና ያጥቡና በበረኪና ያጽዱት፤ ደርቆ ሽታው ሳይጠፋ አዲስ እንቁላል አያስገቡበት።