ጥጥ የመሰለውን ጨፍልቁት፦ የቁልቋል ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ሰኔ ግም ሲል የኔም ስልክ አብሮ ይጮሃል። ሰው የሚያስታውሰኝ ቁልቋሉ በዝናብ ሊሞትበት ሲል ነው። የዘገየሁባችሁ አፉ በሉኝ። የመጡትን ጥያቄዎች አሳጥሬ፣ በራሴ አባባል አቀርባቸዋለሁ።

አንዲት የደሴ እናት ሰባት ዓመት ያሳደጉት ክብ ቁልቋል አንድም ቀን አላበበላቸውም። በየሁለት ቀኑ ውሃ ያጠጡታል፣ የቡና አተላ ያፈሱለታል፣ ብርድ እንዳይመታው ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ሥር አስቀምጠውታል። «ምን አጎደልኩበት?» ይላሉ።

ምንም አላጎደሉም፣ አብዝተውበት ነው እንጂ። ቁልቋል የሚያብበው ትንሽ ሲቸገር ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ውሃውን ይተዉት። ቢጨማደድም አይደንግጡ። የደሴ የሌሊት ብርድ ራሱ ይጠቅመዋል፣ ውርጭ ብቻ አይምታው። በልግ ሲያካፋ ማጠጣት ይጀምሩ፤ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ ግን አይድገሙት። ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ሰባት ዓመት ጥላ ውስጥ የኖረን ተክል በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ግን ይቃጠላል፤ ቀስ እያሉ ያውጡት። አተላውንም ለጎመኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ እሾህ ያለው፣ ኳስ የመሰለው ዓይነት ከሆነ (ፈረንጆቹ «የአማት መቀመጫ» ይሉታል) ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እሱ እንደ ትልቅ ድስት ሳይሰፋ አያብብም። ያ ደግሞ 15 እና 20 ዓመት ይፈጃል። አበባ ቶሎ ማየት ከፈለጉ ማሚላሪያ የሚባለውን ይያዙ። የሻይ ብርጭቆ ሳያክል ራሱ ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ሮዝ አበባ ያወጣል።

ከሐይቅ የጻፈ ወጣት፦ የአክስቱ ቁልቋል ሌሊት ትልቅ ነጭ አበባ አውጥቶ ጠዋት ጠውልጎ ተገኘ። «ሟርት ነው፣ ይነቀል» ያሉ ሽማግሌም አልጠፉ።

ኧረ አይነቀልም! የኔም ቤት እንዲህ ያለ አለ፤ ኤኪኖፕሲስ ይባላል። ባለፈው ግንቦት ያበበ ለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ቀን ላይ እምቡጡ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጫፉ ብቻ ላላ ብሏል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በስልኬ መብራት ሳየው የውጭዎቹ ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተላቀቁ ነው። 4 ሰዓት ሲሆን የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን አክሏል። ጎረቤቶቼን ጠራሁ፤ በሻማ ቡና ተፈላ። ሦስተኛውን ስንጠጣ አንዲት ትልቅ የእሳት እራት መጥታ ዞረችው። ጠዋት ስወጣ አበባው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ይኸው ነው። በአገሩ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ አበባውን የሚያዳቅሉት በሌሊት የሚበሩ እራቶች ናቸው። ደንበኛው ሌሊት ከሆነ ቀን ሱቅ ከፍቶ ምን ያደርጋል? ለሽማግሌው አብሽሩ በላቸው፤ በሚቀጥለው ደግሞ ለቡናው ጥራቸው።

«ቁልቋል ኮምፒውተር አጠገብ ሲቀመጥ ጨረር ይስባል ይባላል፤ እውነት ነው?» (ኮምቦልቻ)

አይስብም። እዚያ የሚያገኘው ጥላ ብቻ ነው፤ ወደ መስኮት ይመልሱት።

ከወረባቦ፦ የቁልቋል አጥር ሲቆርጥ ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አያቱ የጡት ወተት ይጨመርበት ብለዋል። እሱ የጠየቀው «ለወደፊቱ ወተት የሌለው የአበባ ቁልቋል ዓይነት አለ ወይ?» ብሎ ነው።

የአንተን ጥያቄ ቆይ። ዓይንህስ? ጽሑፍህ ውስጥ ሐኪም ቤት ሄድኩ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። አሁኑኑ ሂድ። የቁልቋል ወተት የዓይንን ብሌን ያቆስላል፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ሲቆይ እይታን ይጋርዳል። እንዲህ ሲያጋጥም ወዲያው በንጹህ ውሃ፣ ሳይቋረጥ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠባል። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። የጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ቅጠል አይጨመርም። አያትህን አከብራቸዋለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። «ተሻለኝ» ብለህም አትቅር።

ወደ ጥያቄህ ስንመለስ፣ ወተት የሌለው ሞልቷል። እኛ አንድ ስም ለሁለት ቤተሰብ ሰጥተን ነው የተቸገርነው። ጋራው ላይ መቅረዝ መስሎ የሚቆመው የአገራችን ቁልቋል ካክተስ አይደለም፤ ኢዮፎርቢያ ነው። የካክተስ ዘር የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። በለስም ካክተስ ነው፤ «የባሕር ቁልቋል» የሚሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን ሲያስታውሱ ነው። መለያው ቀላል ነው። ካክተስ እሾሁ የሚበቅለው ከትንሽ ለስላሳ ትራስ ላይ ነው፤ ሲቆረጥም በአብዛኛው ጥርት ያለ ውሃ እንጂ ነጭ ወተት አይወጣውም። መነጽር ግን ለሁለቱም አድርግ።

ከቆቦ የጻፈልን ወንድም ሁለት ነገር ጠይቋል። ከራያ ዘመዱ ያመጣለት የበለስ ቅጠል ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አለ፤ ምንድን ነው? ደግሞም ቢጫ አበባው ስለሚያምር አንድ ቅጠል ደሴ ላለች እህቱ በአውቶቡስ መላክ ይፈልጋል፤ በምን ይጠቅልለው?

በምንም አትጠቅልለው። አትላከው።

ጥጡን በስንጥር ጫር አድርገህ ነጭ ወረቀት ላይ ጨፍልቀው። ደም የመሰለ ደማቅ ቀይ ከወጣው ኮቺኒያል የሚባለው ነፍሳት ነው። ቀይ ካልወጣው ሌላ ጥጥ ለባሽ ተባይ ሳይሆን አይቀርም። እሱ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል፣ በየሳምንቱ ይደገማል፣ ያልቃል። ቀዩ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ኮቺኒያል በአገሩ በሜክሲኮ የተከበረ ነው። ደርቆ ሲፈጭ ካርሚን የሚባለው ቀይ ቀለም ይወጣዋል። እርጎና ከረሜላ ላይ ኢ120 ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው፤ የከንፈር ቀለም ውስጥም አለ። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ቀለሙን ለገበያ ለማምረት ታስቦ ትግራይ ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነፍሳቱ ግን በተመደበላቸው ቦታ አልቆዩም። በአገራቸው የሚበሏቸው ጠላቶች እዚህ አልተከተሏቸውም፤ በለስ ደግሞ እንደ ልብ ነው። እየመጠጡ እየመጠጡ አጥሩን ሁሉ አደረቁት፣ ወደ ራያም ዘለቁ።

በለስ ለአበባ ወዳጅ ጌጥ ይሆናል፤ ለሰሜን ገበሬ ግን ጎተራው ሲራቆት፣ ክረምት ላይ የሚደርስ ምግብ ነው። ቅጠሉ የከብት ቀለብ ነው። ልጆች ፍሬውን አስፋልት ዳር ሸጠው ደብተር ይገዙበታል። ስለዚህ በአንድ ፌስታል የሚሄድ አንድ ቅጠል ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

እንዴት ይዛመታል ብትል፣ ሴቷ ክንፍ የላትም። ጫጩቶቹ ከነጥብ ያነሱ ናቸው፤ በንፋስ፣ በከብት ፀጉር፣ በሰው ልብስ ይሄዳሉ። ጋራ የሚያሻግራቸው ግን የሰው እጅ ነው፤ እንደ አንተ ያለ ደግ ወንድም ለእህቱ ስጦታ ሲልክ ማለት ነው። እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ከገበያ ያገኘሁትን ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልዬ አምጥቼ ከሌሎቹ በለሶቼ መሀል ተከልኩት። በወሩ ጥጥ አየሁ፤ ስጨፍልቀው ጣቴ ቀላ። አሥራ አንድ ጣሳ በለስ በገዛ እጄ አቃጠልኩ። ሚስቴ እስከ ዛሬ «የጋዜጣው ሰውዬ» ትለኛለች።

ደግሞ ዓለም ገራሚ ናት። አውስትራሊያ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ በለስ ራሱ ወራሪ ሆኖ ወደ 24 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ያዘ። በ1926 እ.ኤ.አ. ከአርጀንቲና የመጣ የእሳት እራት አባጨጓሬ ለቀቁበት፤ በጥቂት ዓመታት ጠራርጎ በላው። ኩዊንስላንድ ውስጥ ቡናርጋ በሚባል ቦታ በዚያ ነፍሳት ስም የተሰየመ አዳራሽ ሠርተውለታል። እኛ ለኮቺኒያል አዳራሽ አንሠራለትም።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። የታመመውን ቅጠል ቆርጠህ አቃጥል ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቅበር፤ ቆሻሻ ገንዳ አይጣልም። የቀረውን በሳሙና ውሃና በብሩሽ ፈትግ፣ በየሳምንቱ ድገም። ከዚያ ወደ ቀበሌህ የግብርና ባለሙያ ሂድ። ይህን ለወጉ ያህል የምለው እንዳይመስልህ። የአንተ ጓሮ ላይ ካለ የጎረቤትህም ላይ አለ፣ ያን ደግሞ አንተ ብቻህን አትጨርሰውም። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አዲስ ተክል ቤትህ ሲገባ አንድ ወር ለብቻው ይቀመጥ። ለእህትህ የአበባውን ፎቶ ላክላት።

«ዱባይ ያለችው እህቴ አራት ትንንሽ ካክተስ በሻንጣ ልታመጣልኝ ነው። ችግር አለው?» (ወልድያ)

ከላይ ያለውን አንብበሽ ከጠየቅሽኝ ተጣልተናል። ካክተስ ከጥቂቶቹ በቀር ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ አገራችንም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ፈቃድና የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። እህትሽ ከመግዛቷ በፊት ግብርና ባለሥልጣን ጠይቁ።

አንድ አባት፦ በለስ ስኳር ያወርዳል ሲባል ሰምተዋል።

በለሱን ይብሉ፣ መድኃኒቱን አያቁሙ፣ የቀረውን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፦ «ባለፈው ነሐሴ ቁልቋሌ ከሥሩ ላላ፣ ስነካው እንደ ቲማቲም ገባ። ዘንድሮስ ምን ላድርግ?»

እኛ አገር ቁልቋል በጥም አይሞትም፤ በሐምሌና ነሐሴ ነው የሚሞተው። ዝናቡ ሳይጠና ከጣራ ክፈፍ ሥር አስገባው፣ ወይም ከላይ ላስቲክ ወጥርለት፤ ጎኑ ግን ክፍት ይሁንና ንፋስ ይግባው። ላስቲኩ ከበረዶም ያድነዋል፤ በረዶ የመታው ቁልቋል ጠባሳው አይጠፋም። ዋልካ አፈር አትጠቀም፤ ግማሽ በግማሽ ደቃቅ ጠጠር ወይም ቀይ አሽ ቀላቅልበት። የጣሳውን ቂጥ ብሳው። ስንቱ በቆንጆ፣ ቀዳዳ በሌለው ጣሳ ገደለ መሰለህ!

ከላላም ቶሎ ከደረስክ ይተርፋል። በንጹህ ቢላ ከብስባሹ በላይ ቁረጠው። መሀሉ ላይ ቡናማ ነጥብ እስካለ ድረስ እንደገና ከፍ አድርገህ ቁረጥ፤ ንጹህ አረንጓዴ ሲሆን አቁም። ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት አድርቀው፣ ከዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ አቁመው። ሥር ሳያወጣ ውሃ የለም።

የመጨረሻዋ፦ «የገዛሁት ትንሽ ካክተስ ስድስት ወር ሙሉ አበባው አልረገፈም። እንዲህ የሚቆየው ምን ዓይነት ዘር ነው?»

ቀስ ብለሽ ሳቢው። በሙጫ የተለጠፈ ደረቅ አበባ ነው።