ጀልባን በየብስ ማጓጓዝ፦ ጥያቄና መልስ ከቃሊቲ

ጤና ይስጥልኝ። ሎቤዴ፣ ማለትም ወለሉ ዝቅ ያለው ከባድ ጭነት መጫኛዬ፣ ጎማ ሊቀየርለት ቃሊቲ ቆሟል፤ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ትልልቅ ጀልባ ጭነት ጠይቁ። «ጣና ነሽ 2» የተባለችው ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ሁሉም ጀልባ ጫኝ መሆን አምሮታል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ቁመት የሚለካው ጀልባው ሎቤድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ከገላን፦ ጋሼ፣ አንድ ጀልባ ከጅቡቲ ለማምጣት ስንት ብር ይፈጃል?

— የቱን ጀልባ? ርዝመት፣ ስፋትና ክብደት ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግርህ ሰው ዓይኑ ቀብድህ ላይ ነው።

ከዱከም፦ በኮንቴይነር ቢመጣስ?

— የኮንቴይነር ስፋት ከውጭ 2.44 ሜትር ነው። ትልቅ ያት፣ ማለትም የመዝናኛ ጀልባ፣ ወገቡ 4 ሜትር ያልፋል። ሒሳቡን ሥራው።

ከሰበታ፦ አንድ ጭነት ላይ የጎን መደገፊያው የጀልባውን ሆድ ወደ ውስጥ ሲያስገባው አይቻለሁ። ጥፋቱ ምን ነበር?

— ይኸውልህ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ውኃ ጀልባን ሆዱን በሙሉ አቅፎ ነው የሚሸከመው። መሬት ላይ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ክብደት ጥቂት ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሸክሙን የሚችለው ኪሉ፣ ማለትም ከሆዱ ሥር በቁመቱ የተዘረጋው አከርካሪ፣ በወፍራም ጣውላ ላይ መቀመጥ አለበት። የጎን መደገፊያ ሥራው ጀልባው እንዳይጋደም መያዝ ብቻ ነው፤ እሱም የውስጥ ግድግዳ ባለበት ትክክል እንጂ ባዶ ሆድ ላይ አይተከልም። የግድግዳውን ቦታ ከፋብሪካው ንድፍ ፈልግ፤ ንድፍ ከሌለ ውስጥ ገብተህ ለካ። ቀበቶውንም እልህ እንደያዘው ሰው አታጥብቀው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ ቆመህ ፈትሽ፤ ጣውላው ሲረግጥ ቀበቶው ይላላል። እኔ አንድ ጊዜ ባለንብረቱ አጣድፎኝ ሳልፈትሽ ነዳሁ፤ አዋሽ ስደርስ ጀልባዋ አንድ ስንዝር ተንሸራትታ አገኘኋት።

ከሱሉልታ፦ ዓባይ በረሃን እንዴት ትወርደዋለህ?

— በከባድ ማርሽ፣ በቀስታ። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ መልሰህ ትወጣዋለህ። ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ወደ ጋቢናው፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ይገፋል፤ በሁለቱም በኩል እሰር። እኔን ግን ከበረሃው ይልቅ የሚያስፈራኝ በየከተማው ዳር የረገበው የመብራት ሽቦ ነው። ቁመቱን ለኩ! ሎቤድ ላይ!

ከገላን፦ በግምት እንኳን ስንት ይሆናል?

— መልሻለሁ።

ከቡራዩ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ቆራርጦ አምጥቶ ሐይቁ ዳር መበየድ ነው።

ከለገጣፎ፦ ፋይበር ግላስ ይበየዳል እንዴ?

ከቡራዩ፦ ስለ ብረት ነው የማወራው።

ከለገጣፎ፦ እኛ ደግሞ ስለ ያት።

ከአቃቂ፦ መጀመሪያ ጣና ላይ ያለው እምቦጭ ይነቀል።

— ተረጋጉ። ለመገጣጠም ታስቦ የተሠራ ብረት መርከብ ከሆነ ይቻላል። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራችው መርከብ ሊዬምባ እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን ውስጥ ተሠርታ፣ ተፈታታ፣ በ5,000 ሣጥን ዳሬሰላም ደርሳለች፤ ከዚያ በባቡር ኪጎማ ተወስዳ ተገጣጥማለች። አልቆ የተሸጠ ያት ላይ መጋዝ የሚያነሣ ሰው ግን እኔ ጋ እንዳይመጣ። እምቦጩም እውነት ነው፤ የሞተር ማቀዝቀዣውን የውኃ መሳቢያ ይደፍናል።

ከሰበታ፦ ባሕር ላይ የሠራ ጀልባ ጣና ላይ ምን ይለወጥለታል?

— ሁለት ነገር። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ለሞተሩ እንዳይከብደው የስለቶቹ ዝንባሌ (ፒች) በትንሹ ይቀነስ። ሁለተኛ፣ ብረቱን ከዝገት የሚያድነው የባሕር ዚንክ በጨው አልባ ውኃ ይሰንፋል፤ በማግኒዥየም ቀይረው።

ከዱከም፦ የጉምሩኩ ወረቀትስ?

— ትራንዚተር ጠይቅ።

ከገላን፦ ጋሼ፣ ይኸው ለክቼ መጣሁ። ርዝመት 14 ሜትር፣ ስፋት 4.20፣ ቁመት 4.10። አሁንስ?

— ቁመቱን የለካኸው ሎቤድ ላይ ነው መሬት ላይ?

ከገላን፦ መሬት ላይ።

— ጎማው ተቀይሯል። ልሂድ።