ስለ ልጆቻችን የጠየቃችሁኝ፦ ከቱሉ ዲምቱ

እሁድ ዕድር ተበትኖ እናቶች ከበባችሁኝ፤ ሁሉንም ቆሜ ልመልስ አልቻልኩም። ለዓመታት በጤና ኤክስቴንሽን እዚሁ አዲስ አበባ ዳር ባለው ሰፈራችን ቤት ለቤት ስዞር የቆየሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ።

«አዲስ አበባ ነን፤ ታዲያ ከክልል ልጆች እንሻላለን ማለት ነው?»

በቁጥሩ አዎ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረው) በአገር ደረጃ 37 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ 14፣ አማራ 41፣ ትግራይ 49። መሠረታዊ ክትባት ያሟሉት ደግሞ አዲስ አበባ 83 በመቶ፣ አፋር 20 ብቻ። አፋር ያለች እናት የከፈለችው ዋጋ ያመኛል። ግን 14 የከተማዋ አማካይ ነው። መሐል ቦሌ የሚያድገውንም፣ እዚህ አሸዋ የምትሸከም እናት ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውለውንም አንድ ላይ ደምሮ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ ነን» ብላችሁ አትዘናጉ።

«ከወሎ ከመጣሁ ወዲህ ልጄ አልተከተበም፤ 1 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። የ14 ሳምንቱም የኩፍኙም ቀርቶበታል። ከመጀመሪያው ይጀምር?»

አይጀምርም፣ እህቴ። ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል። ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ የዘገየውን ባለሙያዋ ካርዱን አይታ ታስተካክለዋለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው።

አንዲት እናት ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ከሻንጣ ሥር አውጥታ አሳይታኛለች። ሦስት ወር ሙሉ ቤት የተቀመጠችው «መታወቂያ የለኝም፣ ይመልሱኛል» ብላ ነው። ስንፍና አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። መታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። የልደት ምዝገባውንም ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ አስጨርሱ፤ ኋላ ትምህርት ቤት ስታስገቡ ያስፈልጋችኋል።

«የወሊድ ፈቃዴ አለቀ። ልጁን የት ላስቀምጠው?»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ግን 6 ወር ነው፤ ሦስቱን ወር ማን ይሙላው? የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ቢሮሽ አራት ኪሎ፣ ቤትሽ ቱሉ ዲምቱ ከሆነ ጨቅላውን በንጋት ብርድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይዘሽ ልትቆሚ ነው። ለእኛ የሚበጀን ማቆያው ቢሮ ሳይሆን ብሎካችን ሥር ሲሆን ነው፤ ወረዳ ስብሰባ ላይ ይህንኑ አንሱ። እስከዚያው የታለበ ጡት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ለምትጠብቀው አያት በኩባያ እንድታጠጣው አሳዪያት።

«ኬጂ ከፍሎ ማስገባት አልቻልኩም።» (አንድ አባት)

ጋሼ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄደው ቅድመ አንደኛ ይጠይቁ፤ ምዝገባው ሳያልፍ። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች ያገኙት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን የአንድ ዓመት ዝግጅት፣ «ኦ ክፍል» የሚባለውን ብቻ ነው፣ እሱም የተገኘበት።

«ልጄ ከስቷል ወይስ ተፈጥሮው ነው?»

በዓይን አይታወቅም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነ የግራ ክንዱ ዙሪያ ይለካል፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጤና ጣቢያ፣ ከ11.5 ካነሰ ዛሬውኑ። መለኪያዋ ቤቴ አለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዛችኋቸው ኑ።