ለምዕራብ ነፋስ የሚሆን ጥግ

አንድ ልጅ ሰሞኑን ጽፎልኝ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በትንሽ የሸራ ጀልባ ባሃማስ ውስጥ የኤግዙማን ደሴቶች ሊዞር ነው፤ ጊዜውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። «ጋሼ፣ መልህቅ ለመጣል ምርጡ ቦታ የትኛው ነው?» ይላል። ቶሎ ልመልስለት ብዬ ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ጥያቄው አንዲት ሌሊት አስታወሰኝ። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ ቦታውን ልንገራችሁ። ኤግዙማ ማለት ከ300 በላይ ትንንሽ ደሴቶች ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተሰለፉበት ነው። በምሥራቅ በኩል ጥልቀቱ ከ1000 ሜትር የሚያልፍ ባህር አለ። በምዕራብ በኩል ያለው ሰፊ ውሃ ግን ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ወለሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ሰው ሁሉ መልህቁን የሚጥለው በደሴቶቹ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ደሴቱ ይከልላል፣ ውሃው ጸጥ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል።

ጉዱ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። ከሰሜን አሜሪካ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በየሳምንቱ ገደማ፣ አንዳንዴም ቶሎ ቶሎ፣ እዚያ ይደርሳል። ሲቃረብ ነፋሱ ከደቡብ መንፈስ ይጀምራል፣ ከዚያ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከዚያ ድንገት ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና በሰሜን በኩል ዞሮ እንደ ቀድሞው ከምሥራቅ ይነፍሳል። በዚያች መሃል ምዕራብ ዳርቻ ላይ የተኛ ጀልባ ፊቱን ያዞራል። ሲከልለው የነበረው ድንጋይ ከኋላው ሆኖ ይጠብቀዋል።

ያን ቀን ቢግ ሜጀር ከሚባለው ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ነበርን። አሳማዎቹ የሚዋኙበት ማለት ነው፤ መቼም እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ ተቀጥሬ የምሠራ ካፒቴን ነበርኩ። የጀልባው ባለቤት ከነእንግዶቹ ተሳፍሯል። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ከደቡብ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀጥ አለ። ውሃው መስታወት መሰለ። አየሩ ይወብቃል። የአየር ግፊት መለኪያው፣ ባሮሜትሩ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየወረደ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል አድማሱ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረች፤ ላላወቃት ሰው ምንም የማትመስል።

ከሰዓት በኋላ መልህቃችንን አነሳን። በቢግ ሜጀርና በሊትል ሜጀር መካከል ጠበብ ያለ ቦታ አለ፤ ሁለቱ ደሴቶች ከምዕራቡም ከምሥራቁም ይከልሉታል። ባህሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው ይጎትታል እንጂ ማዕበል አይገባበትም። ስንወጣ አንዲት ትንሽ ጀልባ አጠገብ አለፍን። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ጊታር እየሞካከረ ነው፣ እሷ ልብስ ታሰጣለች። እጃቸውን አውለበለቡልን። ሞተሩን ቀነስኩ፣ ልናገርም አፌን ከፈትኩ። ባለቤቱ ከኋላዬ «ተዋቸው፣ ሰው አታስተምር» አለኝ። እሱን ሰበብ ማድረግ አልፈልግም። ይሉኝታ ያዘኝ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ የአየር ትንበያ አይተው ይሆናል፣ እኔ ማን ነኝ አልኩ። እጄን አውለብልቤ አለፍኩ።

እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ነፋሱ ከምዕራብ ገባ። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ሞገዱ ረጅም አይሆንም፤ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይመታል። በሬዲዮው፣ የአደጋ ጥሪ በሚደረግበት ቻናል 16፣ የሴትዮዋን ድምፅ ሰማሁ። መልህቃቸው እየተጎተተ ነው። ሰንሰለት ጨምሩ አልናት፣ ሞተር አስነሱና ወደ ፊት ግፉ አልናት። በጨለማ፣ በዚያ ማዕበል፣ ከሞቀ ጥጋችን ወጥተን ልንደርስላቸው አልቻልንም። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ።

በነጋታው በጎማ ጀልባችን ሄድን። ሰዎቹ ተርፈዋል። ዋኝተው ወጥተው ቁጥቋጦ ሥር ተኮራምተው ነው ያገኘናቸው። ጀልባቸው በጎኗ ድንጋይ ላይ ተኝታለች፣ መሪዋ ተሰብሯል፣ ጎኗ ተቀዷል፣ ልብሱ አሁንም ገመዱ ላይ አለ። ልጅቷ ብርድ ልብስ ስሰጣት ቀና ብላ አየችኝ።

«ከሰዓት ስትሄዱ አይተናችኋል። ታውቁ ነበር እንዴ?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ጀልባ ጋ ጠጋ ብዬ «ማታ የምዕራብ ነፋስ ይመጣል፣ ተነሱ» እላለሁ። ስንቱ «ማን ጠየቀህ» ብሎኛል! ይበሉ።

እንግዲህ ምርጡ ቦታ የትኛው ነው ላልከኝ ልጅ፦ ኤግዙማ ውስጥ ከአራቱም አቅጣጫ የተከለለ ቦታ በጣም ጥቂት ነው፤ ያለውም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ለምሥራቅ ነፋስ አንድ ቦታ፣ ለምዕራብ ነፋስ ሌላ ቦታ ይኑርህ። ሁለተኛው በቀን ብርሃን የሚደረስበት ይሁን። ኮራሉን፣ ሣሩንና አሸዋውን በውሃው ቀለም የምትለየው ፀሐይ ከፍ ብላ ከኋላህ ስትሆን ነው። ከመሸ አለቀ። ትልቁ ደሴት ጋ፣ ጆርጅ ታውን ከደረስህ ደግሞ ወደቡ ሰፊ ነው። ነፋሱ ሲዞር ጀልባው ሁሉ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲሻገር ታያለህ።

የዛሬ ልጆች አፕ ላይ ኮከብ የበዛበትን ቦታ አይታችሁ ትሄዳላችሁ። ኮከቡን የሰጠው ሰውዬ በምን ነፋስ እንደተኛ ግን አትጠይቁም። እኔም ብሆን ጠዋት ጠዋት ትንበያውን ስልኬ ላይ ሳላይ ቡና አልጠጣም፤ አልዋሽም። መንጋ አትከተሉ እላለሁ፤ ግን የአገሩ ዓሣ አጥማጆች እኩለ ቀን ላይ አንድ በአንድ ሲነሱ ካያችሁ፣ ምንም ሳትጠይቁ ተከተሏቸው።

መልህቅ ከጣላችሁ በኋላ የዋና መነጽር አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ ውረዱና እዩት። እዚያ አገር ብዙ ቦታ አሸዋው ስስ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ። መልህቁ የተቀበረ ይመስላል፤ በእጃችሁ ጠረግ ስታደርጉት ግን ጫፉ ብቻ ድንጋይ ሲቧጥጥ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው መልህቅ ነፋሱ ሲዞር ይነቀላል። ሰንሰለት አትሰስቱ። ውሃው 3 ሜትር ቢሆን፣ ለጀልባው አፍንጫ ከፍታ 1፣ ባህሩ ሲሞላ ለሚጨምረው 1 ጨምሩበት፤ 5 ሆነ። ለከባድ ነፋስ በ7 ስታባዙት 35 ሜትር ነው። ሲዞር ያ ሁሉ ሰንሰለት ወዴት እንደሚያደርሳችሁም አስቀድማችሁ እዩ።

ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፣ ሁሉም ሰው መሄድ ያምረዋል። በደሴቶቹ መሃል ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ምሥራቁ ባህር ለመውጣት አትቸኩሉ። ውሃው ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲገጥመው መተላለፊያው ላይ የሚቆመው ሞገድ ትልቅ ጀልባም ያስፈራል። ፍሰቱ ሲቆም ወይም ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር ውጡ።