ስለ ሐይቅ ዓሣና ስለ ሙቀቱ የጠየቃችሁኝ

ስለ ሐይቅ ዓሣ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ያደግሁት እዚያው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ነው፣ ዓሣ ላይ ስሠራም ብዙ ዓመት ሆነኝ። የማውቀውን ልመልስ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሙቀት ይወዳል ይላሉ። ታዲያ ሐይቁ ቢሞቅ ምን ይጎዳል?

መውደዱ እውነት ነው፣ ብርድ ላይ አያድግም። ጣጣው ኦክስጅኑ ላይ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። የኛ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነውና ከዚህም ያነሰ ነው የሚይዘው። ዓሣው ደግሞ ሲሞቀው ብዙ መተንፈስ ይፈልጋል።

ሌላው ጥልቀቱ ነው። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። የላዩ ውሃ ሲሞቅ ቀላል ይሆንና እንደ ክዳን ይቀመጣል፣ የታችኛው ኦክስጅን ሳያገኝ ይከርማል። ከዚያ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ ከሥር ታፍኖ የቆየው ይወጣል። ክዳኑ ብዙ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ከተደባለቀ ዓሣ ሊያልቅ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ከሐይቅ ከተማ፦ ንጋት ላይ ቆሮሶው አፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ ሲያንጋጥጥ አየሁ። አምባዛው ግን ደህና ነው። በሽታ ይሆን?

ኦክስጅን አጥሮት ይመስለኛል። ሌሊት ውሃ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ሁሉ ኦክስጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም፣ ስለዚህ ንጋት ላይ ነው በጣም የሚያንሰው። አምባዛ ከጉንጩ ጀርባ የውጭ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው፣ ለዚያ ነው የተረፈው። ቀኑንና ቦታውን ጻፍና ለወረዳው የዓሣ ባለሙያ ንገር። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ግን ለቤትም ለገበያም አታንሣ።

አንድ አጥማጅ፦ ጠባብ መረብ አትጣሉ ትሉናላችሁ። ልጆቼን ምን ላብላ?

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጌ አላየውም። ግን ለምን እንደምንል ስማኝ። ቆሮሶ እዚህ ሐይቅ የገባው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ስንቱን ቤት አበላ! እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለችዋን ከመረብ ስታላቅቃት የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች መዳፍህ ላይ ይፈስሳሉ። እኔ አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጠባብ መረብ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችውንም ይዞ ይወጣል፣ ሐይቁ በሙቀት ሲጨነቅ ደግሞ ያለቀውን የሚተካ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ዳር ዳሩን ፊላው ያለበትን፣ የምትወልድበትን ቦታ፣ ቢያንስ በመራቢያዋ ወራት ተዉላት። ገቢውን ከቁጥር ሳይሆን ከጥራት ፈልገው። ጀልባ ላይ በረዶ ይዘህ ውጣ፣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ። ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት የቆየ ዓሣ ደሴ ሲደርስ ገዢው በዋጋ ይጨክንብሃል፣ በረዶ ላይ የቆየውን ግን የፈለግኸውን ዋጋ ትጠራበታለህ። በረዶውን ብቻህን አትችለውም፣ ማኅበሩ አንድ ማምረቻ ቢገዛ ግን ከአዲስ መረብ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከወልዲያ፦ የውቅያኖስ መሞቅ ለኛ ለወሎዎች ምናችን ነው?

ብዙ ነገራችን ነው። ምድር ላይ ከተከማቸው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። የባሕር ዓሣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይሰደዳል፣ ባሕር ዳር ያሉ አጥማጆችም ተከትለው መሄድ ወይም ሌላ ዓይነት ማጥመድ ይለምዳሉ። የኛ ዓሣ ግን ወዴት ይሂድ? ዙሪያው ተራራ ነው። ዝናባችንም ከባሕር ነው የሚመጣ። የ2007 ክረምት ትዝ ይላችኋል፣ ፓስፊክ ሞቆ ኤልኒኞ ሲመጣ ወሎ ላይ ዝናቡ ቀረ። ዝናብ ሲቀር ገበሬው ፓምፑን ሐይቁ ላይ ይደቅናል፣ አይፈረድበትም፣ ግን ልክ ያስፈልገዋል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ አይተናል።

ከኩታበር፦ ጓሮዬ ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ ላርባ?

ኩታበር ደጋ ነው፣ ለቆሮሶ ይበርደዋል። ቆላ ዘመድ ካለህ እዚያ ሞክር። ከአንድ ሜትር በላይ ይጥለቅ፣ ጫጩቱን እየበላ የሚቀንስ ጥቂት አምባዛ ጨምርበት፤ ያለዚያ ቆሮሶው ዝም ብሎ እየተራባ ሁሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል።

ከደሴ፦ እህቴ ሁዳዴ ላይ ዓሣ ትጠብሳለች፣ አንዳንዴ ይሸተናል። ስንገዛ ምኑን እንይ?

ስንጥቡን (ጉንጩ ሥር ያለውን መተንፈሻ) ገልጣችሁ እዩ፣ ደማቅ ቀይ ይሁን። ቡናማ ከሆነ ተዉት። ዓይኑ ጎላ ያለና ጥርት ያለ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ፊሌቶ ሆኖ ከመጣ ይህን ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ እህትህ ሙሉውን ገዝታ ራሷ ታውጣው። በጠዋት ትሂድ፣ በረዶ ያለበት ሳጥንም ከቤት ይዛ ትውጣ።